የሰባ ቀን ሙሽራ

ትናንት ከገበያ ስመለስ፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርትና ግማሽ ኪሎ ቃሪያ ይዤ የብሎካችን ደረጃ ሥር ስደርስ እግሬ ቆመ። ጉልበቴ ነው እንዳልል፣ ጉልበቴ የሚያስቆመኝ ሁልጊዜ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ያቆመኝ ሽታ ነው። ከምድር ቤት፣ ከጎረቤቴ ከአልማዝ በር ሥር ወይባ ይሸታል። ወይባ ከቆላ የሚመጣ እንጨት ነው። ሴት ልጅ ገላዋን ቅባት ተቀብታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ጭሱ ላይ ትቀመጣለች፤ ስትነሣ ቆዳዋ ወደ ቢጫ ይመታል፣ ይለሰልሳል፣ ወዝ ያወጣል፣ ሽታውም ለቀናት አብሯት ይሰነብታል። የአልማዝ ልጅ የመክሊት ሠርግ ደርሷል፤ ዐሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አልማዝ አየችኝ። «እትዬ ብርቄ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት፤ እስኪ ይግቡና ይዩልን» አለች። አንገቴን ብቻ አስገብቼ አየሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጉድጓድ አይቆፈር፤ መቀመጫው በክብ የተቆረጠ የእንጨት ወንበር ሥር፣ በብረት ባልዲ ከሰል አድርገው፣ መክሊትን አናቷ ብቻ እስኪቀር በብርድ ልብስ ጠቅልለዋታል። ስልኳ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። «እማማ፣ ስንት ደቂቃ ነው ምቀመጠው? ስልክ ላይ አንዷ ሠላሳ ትላለች፣ አንዷ አንድ ሰዓት። ኮንፊውዝድ ሆኛለሁ» አለችኝ። «ዛሬ ሃያ ይበቃሻል፤ ነገ መጥቼ እጨምርልሻለሁ» አልኳት። ሽንኩርቴን አሳብቤ ወጣሁ። ሽታው አራተኛ ፎቅ ድረስ ተከተለኝ፤ መስኮት ብከፍትም አልወጣ አለኝ።

እኔ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ። ሙሽራ አዘጋጅ ነበርኩ። መጀመሪያ ሃያ ሁለት አካባቢ በሰው የውበት ሳሎን ተቀጥሬ የእጅና የእግር ጥፍር ስሠራ ቆየሁ፤ ኋላ ከጓደኛዬ ከአስካለ ጋር ሳሊተ ምሕረት ግቢ ተከራይተን የራሳችንን ከፈትን። አስካለ ጸጉር፣ እኔ ፊትና ገላ። ግቢውን የወደድነው ለአፈሩ ነው። ወይባ የሚጤሰው መሬት ተቆፍሮ ነበርና ሲሚንቶ ያልፈሰሰበት መሬት ያስፈልገን ነበር፤ ዘመኑ ደግሞ ሁሉም ነገር ላይ ሲሚንቶ የሚፈስበት ዘመን ነው። ሁለት ሺ ሊገባ ሲል ይሁን ከገባ በኋላ፣ ዓመቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። የማውቀው ከቦሌ እስከ ሲኤምሲ የባሕር ዛፍ ርብራብ ያልለበሰ ሕንፃ አለመኖሩን ነው፤ ሲሚንቶ ጠፋ ሲባል ሰው እንደ ዘመድ ሞት ያወራው ነበር። ሴቱ ከጉልበት በታች የሚሰፋ ጂንስና ጫፉ የሾለ ጫማ ያደርጋል፤ ወንዱ ሞባይሉን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ፣ ባይደወልለትም ዳሰስ ዳሰስ እያደረገ ይሄዳል። ከመገናኛ ሳሊተ ምሕረት በሰማያዊዋ ታክሲ ሳንቲም ተመላሽ የሚያሰጥ ጉዞ ነበር። ዛሬ የምኖርበት ቦሌ አራብሳ ጤፍና ሽምብራ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከዚያ መንደር አንዲት ሙሽራ ልናዘጋጅ መጥተን እናቷ እሸት በጉያችን ሞልታ ሰድዳናለች። ያ ማሳ የት ጋ እንደነበር ከመስኮቴ ሆኜ ብዙ ጊዜ ፈልጌያለሁ፤ አላገኘሁትም።

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ የየሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ የሠርግ ዘፈን ብቻ ነው የሚለቀው። ቅዳሜና እሑድ በቦሌ መንገድ የሙሽራ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ይውላል፤ ከፊት የቪዲዮ ቀራጩ በመኪናው ጣሪያ ብቅ ብሎ፣ ከኋላ ሚዜዎቹ በአንድ ዓይነት ሐር ተሸልመው። እኔና አስካለ በራችን ላይ ቆመን «ያቺ የኛ ናት፣ ያቺ የሰው ናት» እንባባላለን። የኛ መሆኗን የምናውቀው በፊቷ ነው። ዘጠኝ መቶ ብር ከፍላ ከእግር ጥፍሯ እስከ አናቷ ጨርሰን የሰደድናት ልጅ ሜካፑ ሥር የራሷ ወዝ ይታያል። ዛሬ በዘጠኝ መቶ ብር ቅንድብ ይነቅሉልሽ እንደሆነ እንጃ።

የሥራችን ወቅት ሁዳዴ ነበር። በጾሙ ሠርግ የለም፤ ሠርጉ ሁሉ ተጠራቅሞ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይወድቃል። እናም ሌላው ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲጾም እኔና አስካለ በሙሽራ ተከበን እንውላለን። የንስሐ አባቴ አንድ ቀን «በጾም ይህን ሁሉ መቀባባት ምንድን ነው?» ብለውኛል፤ «አባቴ፣ ትዳር ቅዱስ አይደለም እንዴ?» ብያቸው ስቀው አለፉኝ። ለእያንዳንዷ ሙሽራ ከሰማያዊው ደብተሬ አንድ ገጽ እሰጣለሁ፤ ቀኑን የምቆጥረው ከሠርጉ ወደ ኋላ ነው። መጀመሪያ ምንም አልቀባትም። ውሃ ትጠጣ፣ ትተኛ፣ ከፀሐይ ትሽሽ፣ ከየሱቁ የሰበሰበችውን ክሬም ታቁም። ከዚያ በሳምንት አንዴ እንፋሎት፣ ማርና እርድ፣ ለሚቆጣ ፊት እሬት፤ በጾም ቅቤ አልቀባም ለምትል ጸጉሯን በተልባ ውሃ። ወይባው መጨረሻ ላይ ነው፤ በአጭሩ ተጀምሮ እየረዘመ ይሄዳል። እንሶስላው ሦስት ቀን ሲቀር እጅና እግር ላይ ይታሰራል። «ትቅላልኝ» የምትል እናት ስትመጣ «ቀለሟን እግዜር ጨርሶታል፤ የኔ ሥራ ወዙ ነው» ብዬ እመልሳታለሁ። ሁለት ሕግ ነበረኝ። አንደኛው፣ ዝግጅቱ ከተጀመረ እስከ ሠርጉ ቀን እጮኛዋ አያያትም። በየቀኑ የሚያይሽ ሰው ለውጥሽን አያይም፣ አንድ ጊዜ ይይሽና ይደንግጥ፣ እላቸዋለሁ። ሁለተኛው፣ ወይባ የታጠነች ሴት የዚያን ዕለት ከቤት አትወጣም፤ ትኩስ ገላዋን ነፋስ ካገኘው ብርድ ይገባታል። ከነዚህ ሕጎች አንዱን የጣሰች ልጅ ብትኖር ቀሪውን ገንዘብ መልሼ እሰድዳታለሁ። ግትር ነበርኩ።

እኔ ራሴ ግን አንድም ቀን ተዘጋጅቼ አላውቅም። በዐሥራ ሰባት ዓመቴ ሲድሩኝ እግሬን አጥበው፣ ሹሩባ ሠርተው፣ አዲስ ቀሚስ አልብሰው ሰጡኝ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ላይ ሳለሁ ሞተ፤ ልጅ አልነበረንም። በእናቴ አገር ደግሞ ባል የሌላት ሴት ወይባ አትታጠንም። ብትታጠን «ለማን ብላ ነው?» ትባላለች። ስለዚህ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ልጅ ስቆፍር፣ ሳጤስ፣ ስጠቀልል፣ አንድም ቀን ጉድጓዱ ላይ አልተቀመጥኩም። ማታ ማታ እጄን እያየሁ ይገርመኝ ነበር። የስንቱን ሰው እጅ አለስልሶ የራሱ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ የለም፤ ራዲዮ እከፍታለሁ፣ ምን እንደሚል ሳልሰማ እዘጋዋለሁ። ይህን ለአስካለ እንኳን ነግሬያት አላውቅም።

ታምሩ የመጣው የወይባ ክፍላችንን ሊለስን ነው። ግንበኛ ነው፣ ዋና ሙያው ልስን፤ ገርጂ ከእኅቱ ከጽጌ ጋር ይኖራል፣ ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። በዚያ ሁሉ ግንባታ መሐል እሱን ለሁለት ቀን ማግኘት ራሱ ዕድል ነበር። ቱታው በሲሚንቶ ከመድረቁ የተነሣ ብቻውን የሚቆም ይመስላል፤ ነገር ግን ምሳ ሲደርስ እጁን ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ከጥፍሩ ሥር ሳይቀር ፍቆ ነው የሚቀመጠው። ጥፍር የምሠራ ሴት ነኝና መጀመሪያ ያየሁት ያንን ነው። ግድግዳውን ጨርሶ ሲሄድ በሩ ላይ ገመድ ዘርግቶ ካርቶን ላይ በከሰል «እርጥብ ነው አይነካ» ብሎ ጻፈ። እኔ ደግሞ ለስላሳ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም፤ ገመዱን አልፌ በአንድ ጣቴ ነካሁት። በማግስቱ ሊያየው ሲመጣ የጣቴን ምልክት አገኘው። «ይህ የማን ጣት ነው እትዬ?» አለ እየሳቀ። «እኔንጃ፣ ሙሽራ ይሆናል» አልኩ። «የሙሽራ ጣት እንዲህ አይሰፋም» አለኝ። መናደድ ነበረብኝ፤ ሳቅኩ። ምልክቱን እደፍነዋለሁ እያለ ተመላለሰ፤ ሳይደፍነው ዓመት ሞላ። «እርስዎ»ው መቼ «አንቺ» እንደሆነ አላስታውስም። ጥር ላይ፣ አስካለ ገበያ ሄዳ፣ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያዞረ «ጽጌን ነግሬያታለሁ፤ አብረን ብንኖርስ?» አለኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማታ ራዲዮ ለሁለት እንደምከፍት አሰብኩና እሺ አልኩት።

እሱ ያሰበው ቀላል ነገር ነው። «ከሁዳዴ በፊት ተፈራርመን፣ ከጽጌና ከአስካለ ጋር ምሳ በልተን እንገባለን፤ በዚህ ዕድሜያችን ምን እንጠብቃለን?» አለኝ። እኔ ግን ሌላ አሰብኩ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደብተሬ ላይ የራሴ ገጽ እንዲኖረኝ ፈለግኩ። ጉድጓዱ ላይ እንድቀመጥ፣ ሰው እንዲጠቀልለኝ፣ ወዝ እንዳወጣ፣ ታምሩም አይቶኝ እንዲደነግጥ። «ከፋሲካ በኋላ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው እሑድ» አልኩት።

«ስንት ቀን ነው እሱ?»

«ከቅበላ ጀምሮ ሰባ ቀን ገደማ።»

«ሰባ ቀን? ፎቅ ነው የምትሠሪው?»

«አንተ ለግድግዳ እንኳን ሰባት ቀን ውሃ ታጠጣለህ። እኔ ዐሥር ግድግዳ አላህልም?»

አየኝና «ታህያለሽ» አለ። በሰባው ቀን ውስጥ እንደማያየኝ ስነግረው ግን ባርኔጣውን አጠለቀ። በስልክ ማውራት ፈቀድኩለት፤ ለሙሽሮቼ ይህንንም አልፈቅድም ነበር። ሰማያዊው ደብተር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ስም ጻፍኩ፤ ብርቅነሽ። አስካለ አይታ «ኧረ እድሜሽንም ጻፊ» ብላ ሳቀችብኝ፤ ከዚያ ግን ከማንም ሙሽራ በላይ ተጠነቀቀችልኝ። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ጥለቱ ቡና ዓይነት የሆነ ቀሚስ አዘዝኩ።

ታምሩ አላረፈም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ደብተር ይዞ «ቆጣሪ ላነብ ነው» ብሎ በር አንኳኳ፤ አስካለ ጫማው ላይ ያለውን ሲሚንቶ አይታ መለሰችው። ቀጥሎ «ያ ልስን ተሰነጠቀ አሉ፣ ባለቤቷ ባለችበት ልየው» ብሎ ላከ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ደውሎ በሰለለ ድምፅ «ብርቄ፣ ትኩሳት ይዞኛል፣ ሎሚ የሚያመጣልኝ ሰው አጣሁ» አለኝ። ጽጌ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዳ ነበር። ሎሚ ገዝቼ፣ ዓይኔ ብቻ እስኪቀር በነጠላ ተጠቅልዬ ገርጂ ስደርስ፣ ታምሩ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በዳቦ ሻይ ይጠጣል። ሲያየኝ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሽፍንፍን ብለሽም መጣሽ፤ ዓይንሽንስ አየሁት» አለኝ። ሎሚውን እግሩ ሥር በትኜ ሄድኩ። ማታ ደውሎ «ሁለተኛ አልዋሽሽም፤ በሞተችው ሚስቴ አጥንት» ብሎ ማለልኝ። ይቅር አልኩት፤ ግን ዳግመኛ እንደማልታለል ለራሴ ማልኩ። የሱን መሐላ ረስቼ የራሴን ያዝኩ።

ፋሲካን ለየብቻ ዋልን። በጽጌ እጅ የበግ ቅልጥም ላከልኝ፤ እኔ ዶሮ ወጥ በድስት ላክሁለት። ስልክ ላይ «እንቁላሉ አንድ ጎሎታል» አለኝ፤ «እሱን ከሠርጉ በኋላ» አልኩት። ያ የመጨረሻ ንግግራችን እንደሆነ ባውቅ ሌላ ነገር አወራው ነበር። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ስለ እንቁላል አይሆንም።

የፋሲካው ሳምንት ረቡዕ፣ ደብተሬ ላይ ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቶ፣ ረጅሙን ወይባ ታጠንኩ። አስካለ ጉድጓዱን በጠዋት ቆፍራ፣ እንጨቱን ቸክላ፣ ገላዬን ቅቤ ቀብታ አስቀመጠችኝ። እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ? ሙቀቱ ከሥር ይመጣና ወገቤ ላይ የተከማቸውን የስንት ዓመት የመቆም ድካም ይፈታዋል። እንባዬ መጣ፤ ጭሱ ነው አልኳት። ስነሣ ክንዴን አየሁት፤ የኔ አልመስል አለኝ። ቢጫ ወዝ፣ ሐር የመሰለ። ጋቢ ተጠቅልዬ ፍራሽ ላይ ጋደም እንዳልኩ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አስካለ አነሣችው። ጽጌ ናት። አስካለ ስልኩን በእጇ ሸፍና «ደረቱን አሞታል፣ ብርቄ ትምጣልኝ ይላል፣ ነው የምትለው» አለችኝ።

ሳቅኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ሳቅኩ። «ጽጌንም አስተባበራት በያ። ዐሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረው፣ ሎሚም አልቋል በያት» አልኩ።

አስካለ «ድምጿ ደኅና አይደለም» አለች።

«ባለፈውም የሱ ድምፅ ደኅና አልነበረም። ደግሞስ ከወይባ ተነሥቼ የት ልሄድ ነው? ብርድ ሊገባኝ?»

አስካለ ዞር ብላ ያልኳትን ቃል በቃል ነገረቻት። ጽጌ ስልኩን ዘጋች። ሁለተኛ ትደውላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሁለተኛ ከደወለች እውነት ነው፣ እሄዳለሁ፣ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ስልኩን ትራሴ አጠገብ አድርጌ ጠበቅሁ፤ ስላልተደወለ ቀልድ እንደነበር እርግጠኛ ሆኜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ጠዋት ግን አላስችል አለኝ። ሕጉንም ደብተሩንም ትቼ ስድስት ሎሚ ገዝቼ ታክሲ ያዝኩ። ያን ጊዜ እንዳደረግሁት አሁንም እግሩ ሥር እበትናቸዋለሁ፣ ከዚያ ፊቴን ገልጬ ሻይ አብሬው እጠጣለሁ እያልኩ ሄድኩ። የነታምሩ ሰፈር ስደርስ የዕድር ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ። የማን ቤት ነው ብዬ አሰብኩ። የበሩን ቀለም አውቀዋለሁ፤ እሱ ነው የቀባው፤ ግን እስክጠጋ ድረስ የማን ቤት ነው እያልኩ ነበር። ንጋት ላይ፣ ሆስፒታል ሳይደርስ ነው ያረፈው።

ነጠላዬን ዘቅዝቄ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ። ከጽጌ በቀር የሚያውቀኝ አልነበረም፤ ጽጌም በለቅሶው መሐል ነበረች። ሚስቱ አይደለሁ፣ ዘመዱ አይደለሁ፣ እንደ ጎረቤት ገብቼ እንደ ጎረቤት ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ግን ያዩኛል። ነጠላ ዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ቆዳዋ እንደዚያ የሚያበራ ሴት በለቅሶ ቤት አይተው አያውቁም። ሰውነቴ ገና ወይባ ወይባ ይሸታል። ከፊቴ ያለችው ሴት ለጎረቤቷ «ለማን ብላ ነው?» ስትል ሰማሁ። መልስ ነበረኝ፤ ግን መልሱ ሳጥን ውስጥ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ በሳሙና፣ በአሸዋ፣ በድንጋይ ፈተግኩት። ወይባ ታጥቦ አይለቅም፤ ይህንን ለስንት ሙሽራ እያሞገስኩ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ሦስቱንም ቀን እንዲያው እያበራሁ ተቀመጥኩ። የሕይወቴ አንዷ ወዝ እዚያ ድንኳን ውስጥ ዋለች።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ሁለት ዓመት ያህል ገፋሁት፤ ግቢው ለሕንፃ ሲፈለግ አስካለ ሐዋሳ ልጇ ጋ ገባች፣ ለዓመት በዓል እንደዋወላለን። እኔ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደረሰኝና እዚህ መጣሁ። የወይባ ክፍላችን ሲፈርስ ሄጄ አይቻለሁ። ያ የጣቴ ምልክት ያለበት ግድግዳ ከሌላው ፍርስራሽ ጋር በገልባጭ መኪና ተጫነ።

ዛሬ ከሰዓት ቃሌን ለማክበር ወደ አልማዝ ቤት ወረድኩ። መክሊት ወንበሩ ላይ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ከሰሉን አስተካክዬ፣ እንጨቱን በጥቂቱ ጨምሬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስልኳ በርጩማው ላይ ተንጫጫ። አንገቷን አስግጋ አየችውና «ናቲ ነው» አለች፣ ዓይኗን ወደ ላይ እያንከራተተች። «እስከ ሠርጉ አታየኝም፣ አታወራኝም፣ ሰርፕራይዝ ነው ብዬዋለሁ። አሁን ምክንያት እየፈጠረ ይደውላል። ሙድ እየያዘብኝ ነው።»

እናቷ «ተዪው፣ ላብሽ ይወርዳል፤ ኋላ ትደውይለታለሽ» አለቻት።

ስልኩን አነሣሁና ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። «አናግሪው» አልኳት።

«እማማ፣ ምንም አይደለም እኮ፤ አውቀዋለሁ።»

«እኔም አውቀው ነበር። አናግሪው የኔ ልጅ።»

እሺ አለች። ልጁ የፈለገው የከረባቱን ቀለም ሊጠይቃት ነው። ሰማያዊው ይሁን ግራጫው ተባብለው ተከራከሩ፤ ተሰዳደቡ፤ ሳቁ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ እስኪጨርሱ ቆየሁ። በዚህ ዕድሜዬ የከረባት ወሬ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም። ሲዘጉ «ቀንም ማታም ቢደውል አንሺ። ነይ ካለሽም ሂጂ፤ እንዲህ እንዳለሽ፣ ጭሱንም ይዘሽ» አልኳት። አልማዝ «እትዬ፣ ብርድ ቢገባትስ?» አለች። «ይግባት» አልኳትና ወጣሁ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ እንደ ልማዱ አቆመኝ። እጅጌዬ ወይባ ይሸታል። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ ልስኑ ሻካራ ነው፣ ታምሩ ቢያየው ያፍርበት ነበር። እስከ ዛሬ ለአስካለም ሳልነግራት የቀረሁት አንድ ነገር አለ። በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሊነሣ ሲል፣ ጽጌ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኳት፤ እንድትሰድበኝም ፈልጌ ነበር። አንገቴ ላይ ተደፍታ ሽታዬን ሳበችው፤ እጄን አንሥታ ቆዳዬን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። «ያልሽውን ነግሬው ነበር። ሎሚም አልቋል አለች አልኩት። ደረቱን ይዞ ሳቀ። ልደውል ስል ስልኩን ከእጄ ወሰደና፣ ‹ተያት፣ ገና እርጥብ ናት፣ አትነካ› ብሎ ሁለተኛ እንዳልደውልልሽ ከለከለኝ።»